መርፌ ያልነካው ኩታ

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የህንድ አስተማሪ ሚስት መጣችና ከፊቴ ቁጢጥ ብላ የዘረጋኋቸውን ነጠላዎች አንድ በአንድ ገለጠች። ጥለታቸውን አላየችም፣ ዋጋም አልጠየቀችም። ዓይኗ የሚሄደው መሃል ለመሃል፣ ሁለቱ ቁራጭ ከሚጋጠምበት ስፌት ላይ ነው። ስፌቱን በጣቷ ትዳብስና ትተወዋለች፣ ደግሞ ሌላውን ታነሳለች። እኔ ስፌቴን የሚያጣጥል ሰው አልወድም። "ምነው የኔ ልጅ፣ ጎረበጠሽ?" አልኳት። ቀና አለችና በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ "እማማ፣ ያልተሰፋ አለ?" አለችኝ።

ይህን ጥያቄ በዕድሜዬ የሰማሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ስሰማ ካገባሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ሰምቼም አላመንኩም፤ በእኔ አለማመን አንድ ሰው እናቱን በወጉ ሳይሰናበት ሊቀር ነበር። ሴትዮዋ መልስ ስትጠብቅ አፌን ከፍቼ ሳያት ቆየሁ። ከጎኔ የምትቀመጠው ቅቤ ሻጭ "ስንዱ፣ ምን ነካሽ? ሰው ቆሞብሽ እኮ ነው" ብላ ባትጎሽመኝ ኖሮ ገበያው እስኪበተን እዚያው ፈዝዤ በቀረሁ ነበር።

በጣሊያን ጊዜ ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ያን ዘመን እኔ የምቆጥረው በጥጥ ነው። መጀመሪያ ጥጥ ነበረ፤ ከዓባይ በረሃ በአህያ እየተጫነ ይወጣልን ነበር። ቀጥሎ አገሩ ሸፈተ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ጥጥ ጠፋ። ከዚያ የጣሊያን አቡጀዲ በካሚዮን መጣ። አቡጀዲው ሲገዙት ያንጸባርቃል፣ እንደ ብራና ይንኳኳል፤ አንድ ጊዜ ውሃ ከነካው በኋላ ግን ጭራሮ ለማሰሪያ እንኳን አይሆንም። የደብረ ማርቆስ ልጃገረዶች ልብስ ሊያጥቡ ሲወርዱ፣

የፈረንጅ አቡጀዲ በአንድ ውሃ አለቀ፣
የይግዛው ኩታ ግን ሲታጠብ ደመቀ።

እያሉ ያዜሙ ነበር። ይግዛው ሸማኔው ባለቤቴ ነው። ግጥሙን ራሱ ገጥሞ ለልጃገረዶቹ ያስጠናው እሱ ነው የሚሉ ምቀኞች ነበሩ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ሳልጠረጥር አልቀረሁም። ሰው ያን ጊዜ በሊሬው ወረቀት እምነት አልነበረውም። ይግዛው ለኩታ የሚቀበለው ጠገራ ብር ነው፤ እሱ ከጠፋ አሞሌ ጨው፣ ያም ከጠፋ ጤፍ። ወጣቱ ተፈሪ ሱሪ ለብሶ ከላይ ኩታውን ጣል ያደርጋል፤ አሁን የልጅ ልጆቼ እግራቸው ሥር መሬት የሚጠርግ ሱሪ ለብሰው ሳይ ያ ጠባብ ሱሪ ይናፍቀኛል። እነዚያው በየመንደሩ "ቁጢት በጣሽ" እያሉ የሚሰድቡን ሰዎች ለፋሲካ ኩታ ሲያምራቸው "ይግዛው ወንድሜ፣ እንዴት አድረሃል" እያሉ ደጃችን ይሰለፉ ነበር።

ቤታችን ከገበያው ወደ ታች ሲወርዱ፣ ግራር ካለበት ዘንድ ነው። ይግዛው የሚሠራበት ጉድጓድ ከቤቱ ፊት በዳሱ ሥር ነበር፤ እግሩን እዚያ ውስጥ ከትቶ ሲረግጥ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲወረውር ይውላል። አማቴ አብረውን ይኖሩ ነበር። ባላቸው ከሞቱ በኋላ መንኩሰው ቆብ ስለጫኑ አገሩ ሁሉ እማሆይ ይላቸዋል፤ እኔም እማሆይ እላቸው ነበር። እማሆይ ጥጡን ያባዝታሉ፣ እኔ እፈትላለሁ፣ ይግዛው ይሸምናል፣ መጨረሻ ላይ እኔ ተቀብዬ እሰፋለሁ። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ የሸማኔ ክንድ ከሚደርስበት የሰፋ ልብስ ከጉድጓዱ አይወጣም። ስለዚህ ጨርቁ ጠባብና ረጅም ሆኖ ይወርዳል፤ እኔ መሃሉን በመቀስ እቆርጥና ሁለቱን ጎን ለጎን አጋጥሜ አንድ ሰፊ ኩታ አደርገዋለሁ። ያልተጋጠመ ሸማ ሸማ አይባልም፤ ከቤታችንም እንዲያ ሆኖ ወጥቶ አያውቅም። ስፌቴ ደግሞ አይታይም ነበር። ይህን ስል ጉራ አይደለም፤ ጉራም ቢሆን እውነት ነው።

ጄታ የሚባል ባንያን ገበያው አጠገብ ሱቅ ነበረው። ከጣሊያን በፊት ጨርቅ በበቅሎ አስጭኖ መጥቶ እዚያው የቀረ ህንድ ነው። በግርግሩ ሰሞን ሱቁ ተዘረፈና ተቃጠለ፤ ከአገሩ ያመጣው ሣጥንም አብሮ ነደደ። ከዚያ በኋላ የሚሸጠው መርፌ፣ ክር፣ ቁልፍና በርበሬ ነበር። ቀጭን፣ አንገቱ ረጅም፣ ጥቁር ቆብ ከራሱ የማይለይ ሰው ነው። አማርኛውን ከሹማምንት ደጅ የለመደው ይመስለኛል፤ ትንሽ ትልቁን እርስዎ ነው የሚለው። አንድ ቀን በሱቁ በር ላይ የቆመ አህያ "ይለፉ እባክዎ" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሥጋ አይቀምስም፣ እንቁላል አይቀምስም። ሰው ይስቅበት ነበር፤ እማሆይ ግን አይስቁም። "እኛ ሁዳዴ ሲደርስ የምንነጫነጨውን እሱ ዓመቱን ሙሉ ይዞታል" ይሉ ነበር። መርፌዬን ከእሱ ስለምገዛ እኔን በደንብ ያውቀኛል፤ የትኛው መርፌ ለየትኛው ክር እንደሚስማማ ስንከራከር ገበያ ያመልጠኝ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደብዳቤ መጣለት። ደብዳቤው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሰባት ወር መንገድ ላይ ከርሟል። እናቱ ሞተዋል። ይህን ሲነግረን ጠጉሩን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ፣ ያ ቆቡ በእጁ ነበር። በአገሩ ወግ፣ የመስከረም ጨረቃ መጉደል ስትጀምር ለሞቱት ወላጆች ወንዝ ወርዶ ውሃና እህል የሚሰጥበት ጊዜ አለ፤ እናት በሞተችበት የጨረቃ ቀን ልጇ ይህን ያደርስላታል፤ የጄታ እናት ደግሞ ከእሱ ሌላ ወንድ ልጅ የላቸውም። ያን ቀን የሚለበሰው ዶቲ የሚሉት ነጭ ልብስ ነው፤ ወገብ ላይ ተጠምጥሞ በእግር መሃል ይታጠፋል። እሱ ያለው ከሣጥኑ ጋር ተቃጥሏል። አቡጀዲ አይሆንም፤ ፋብሪካው በምን ስብ እንዳሸው አይታወቅምና። እናም ይግዛውን ለመነው። ጠባብ ቢሆን ግድ የለም፣ ሸካራ ቢሆንም ግድ የለም፤ ብቻ አሥር ክንድ ሙሉ አንድ ወጥ ይሁን፣ መቀስና መርፌ አይንካው። በአምላክና በሙታን ፊት የሚቆም ሰው የተቆረጠና የተሰፋ አይለብስም አለ። ድሩን የሚቀቡት በምንድን ነው ብሎም ጠየቀው። ይግዛው በቀጭን የዱቄት ሙቅ ነው ሲለው ፊቱ ፈካ።

ጥጥ ጠፍቶ የነበረው ያን ጊዜ ነው። እኔ ለራሴ ቀሚስ ብዬ በትርፍ ጊዜዬ የፈተልኩት ልቃቂት ነበረኝ፤ አወጣሁት። ሰው እናቱ ሞታበት እኔ ቀሚስ አምሮኝ እንዴት እተኛለሁ? ይግዛው ከእንቁጣጣሽ በፊት ጀምሮ ሲረግጥ ሰነበተና ኩታውን አውርዶ፣ እኔን "ሳይሰፋ ይሁን ብሏል፤ እጥፍ አድርገሽ አስቀምጪለት" ብሎኝ ጥጥ ፍለጋ ወደ አምበር ገበያ ሄደ።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ባሌ የነገረኝን ሰምቻለሁ፤ አልሰማሁም ብዬ አላውቅም። ነገር ግን ጄታ ይሉኝታ የሚያንቀው ሰው እንደሆነ አውቃለሁ። ቤታችን ሲመጣ በርጩማ እንኳን ሲሰጡት "አላስቸግርዎ" እያለ የሚቆም ነው። መርፌ አይንካው ያለው እኔን ላለማልፋት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሌላም ነገር አለ፤ ያ ረጅም ጠባብ ጨርቅ ተዘርግቶ ሳየው እጄን በላኝ። እናቱን የሚሰናበት ሰው፣ ለዚያውም ከአገሩ የራቀ ሰው፣ ከእኛ ቤት ያላለቀ ልብስ ተሸክሞ ሊወጣ ነው? ሰው ምን ይላል? መቀሱን አነሳሁ። መሃሉን ቆረጥኩት። ከዚያ ቀጭኗን መርፌ፣ ከራሱ ከጄታ የገዛኋትን መርፌ መረጥኩና ሁለት ቀን ሙሉ ሰፋሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ስፌት ሰፍቼ አላውቅም። እማሆይ እንኳን ወደ ብርሃን አውጥተው አይተው መጋጠሚያውን በዓይናቸው ሊያገኙት አልቻሉም። ደስ ብሎኝ አደርኩ።

ጄታ ሊወስድ የመጣው ቀኑ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ነው። በሁለት እጄ አድርጌ ሰጠሁት። ዘረጋው፤ ርዝመቱ እኩሌታ ሆኖ፣ ስፋቱ እጥፍ ሆኖ ሲያገኘው እጁ ቆመ። ከዚያ በጣቱ መሃሉን ዳበሰ፤ ሰው ሁሉ የማያገኘውን ስፌት እሱ አንድ ጊዜ ዳብሶ አገኘው። ከይግዛው ጉድጓድ ጫፍ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

"ወይዘሮ ስንዱ፣ እርስዎ በጣም አሳምረው ሠርተውታል" አለ። "ይህ ለሠርግ ነው። ለእናቴ ግን አይሆንም።"

ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ልፍታው፣ አንድ ክር ሳይቀር ልንቀለው አልኩት። የነካው ነክቶታል አለኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አንገቴን ደፍቼ አለቀስኩ፤ እሱ ደግሞ የእሱን ኀዘን ትቶ እኔን ማባበል ያዘ፤ ይህ የበለጠ አሳፈረኝ። ከሰዓት በኋላ ይግዛው ከአምበር ባዶ እጁን ገባ። የሆነውን ስነግረው "ስንዱ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም" ብቻ አለኝ። ቢመታኝ እንኳን እንደዚያ አያመኝም ነበር። ነገ ቁይ ገበያ ድረስ ልሂድ አለ፤ የቁይ ጥጥ ቢገኝ እንኳን ተዳምጦ፣ ተባዝቶ፣ ተፈትሎ፣ ተሸምኖ በሦስት ቀን የሚደርስ ነገር አልነበረም። ይህን ሦስታችንም እናውቃለን። እኔ ግን ሂድ አልኩት፤ ቁጭ ብሎ ከማየት ይሻላል ብዬ።

እማሆይ ይህ ሁሉ ሲሆን ከደጅ ተቀምጠው ጥጥ የሚያባዝቱበትን ደጋን ባዶውን ይጠራርጉ ነበር። በማግስቱ ጄታን አስጠሩት፤ ይግዛውንም ከመንገዱ አስቀሩት። ጄታ መጥቶ እንደ ልማዱ ሲቆም በግድ አስቀመጡት።

"እናትህ ስማቸው ማን ነበር?" አሉት።

"ጀምና" አላቸው። "በአገራችን የወንዝ ስም ነው።"

"ካየሃቸው ስንት ዘመንህ ነው?"

አሥራ ስድስት ዓመት እንደሆነው ነገራቸው። እናቱ ከመሞታቸው በፊት አንድ ነገር ብቻ ይመኙ እንደነበርም ጨመረ፤ ባሕር ዳርቻ ላይ አንድ ትልቅ መቅደስ አለ፣ ልጄ ሲመለስ ይዞኝ ይሄዳል እያሉ ለጎረቤት ያወሩ ነበር፤ ደብዳቤው ላይ ይህም ተጽፏል። እማሆይ ከዚያ ይግዛውን ሣጥኔን አውርድ አሉት። የእንጨት ሣጥን ነው፣ በእኛ ፊት ከፍተውት የማያውቁት። ሲከፈት የአሪቲ ሽታ ቤቱን ሞላው። ከሥር፣ ከዳዊታቸው በታች፣ ታጥፎ የተቀመጠ ነጭ ጨርቅ አወጡና ጭናቸው ላይ አደረጉት። ይግዛው አወቀው። ራሱ ነው የሸመነው፤ እሳቸው ፈትለው፣ እሱ ሸምኖ፣ ሲሞቱ እንዲገነዙበት የተቀመጠ ነው። በቁማቸው መርፌ እንዳይነካው ብለው ሳይቆረጥ ሳይሰፋ፣ ከጉድጓዱ እንደወረደ ያስቀመጡት ነው። መገነዣን በቁም መስፋት የሞት ቀንን በገዛ እጅ ማጋጠም ነው ይሉ ነበር።

"እማ፣ መገነዣዎን?" አለ ይግዛው። "ለሌላ አምላክ?"

"እኔ ለአምላኩ አልሰጠሁም" አሉት። "ስሞት ታለቅስልኛለህ አይደል? ይህም ሰው ለእናቱ ያልቅስላት።"

ወደ ጄታ ዞረውም ምን እንደሆነ ሳይደብቁ ነገሩት። ሰውየውን እንዳያታልሉት ፈርተው ነው። ለሞት የተቀመጠ ጨርቅ ነው፣ ደስ ካላለህ ተወው አሉት። ጄታ ጨርቁን አየ፣ እሳቸውን አየ።

"እርስዎ ለብሰውት ያውቃሉ?" አላቸው።

"አልሞትኩማ ልጄ" አሉት።

ከደብዳቤው ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ስቆ ሳይጨርስ አለቀሰ፤ ጎንበስ ብሎ እግራቸውን ነካ። ይግዛው ዓይኑን ወደ ግራሩ መለሰ። እኔ ግን የፊቴን እንባ ሳልጠርግ ጨርቁን ተቀብዬ ክንድ በክንድ ለካሁት፤ አሥር ክንድ ከስንዝር። የሚተርፈው ስንዝር ይቆረጥ ወይ ብዬ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩና በጊዜው ዘጋሁት።

ቀኑ ሲደርስ ጧት ፀሐይ እንደወጣች ወደ ጨሞጋ ወንዝ ወረድን። ያን ጊዜ ከከተማ ወደ ወንዝ መውረድ ለሸፈቱት ስንቅ አቀባይ ተብሎ ያስጠረጥር ነበርና እማሆይ አብሬ እሄዳለሁ አሉ። መነኩሲት ያለችበትን መንገደኛ ማንም አይመታም ብለው ነው። እኔ የገብስ ዱቄትና ሰሊጥ ይዣለሁ፤ ሌላ ደግሞ ያን የሰፋሁትን ኩታ በብብቴ ይዣለሁ፤ ለምን እንደያዝኩት እኔም አላውቅም ነበር። ይግዛው ቤት ቀረ። ጨሞጋ መስከረም ላይ ቀዝቃዛና ድፍርስ ነው። ጄታ ከቁጥቋጦው ኋላ ሄዶ ለብሶ ሲመጣ አላወቅሁትም። ያ በካኪ ሱሪ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ቀጭን ሰው ጠፍቶ፣ ወገቡ ላይ ጠምጥሞ፣ መሃሉን አጥፎ፣ ደረቱን ራቁቱን ቀጥ ብሎ የቆመ ሌላ ሰው መጣ። እማሆይ ግን አላዩትም። ገና ስንደርስ ጀርባቸውን ለወንዙ ሰጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "ያላየሁትን ለንስሐ አባቴ አልናገርም" ብለውኝ ውዳሴ ማርያማቸውን ጀመሩ። ጄታ ወገቡ ድረስ ውሃው ውስጥ ገብቶ፣ በጣቱ የሰርዶ ቀለበት አድርጎ፣ የገብሱን ሊጥና ሰሊጡን በእጁ ይዞ በቋንቋው የሚለውን ይላል። ከእሱ ድምፅ የገባኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ጀምና።

መሃል ላይ አንድ አስካሪ፣ ለጣሊያን የሚዋጋ ጥቁር ወታደር፣ ጠመንጃውን አንግቶ ከዳገቱ ወረደ። ያ ሰውዬ እዚያ ውሃ ውስጥ ምን ይሠራል ብሎ እማሆይን ጠየቀ። እማሆይ ከጸሎታቸው ቀና ሳይሉ "እናቱ ሞታበት ነው" አሉት። አስካሪው ትንሽ ቆሞ አየ። ከዚያ ቀዩን ቆቡን አወለቀ፣ አማተበ፣ የመጣበትን ዳገት ተመልሶ ወጣ። እስከ ዛሬ ያን ልጅ ባሰብኩ ቁጥር እግዜር ይስጠው እላለሁ፤ እሱም የሆነ አገር እናት ትቶ የመጣ ነበር።

ጄታ ከውሃው ሲወጣ ከንፈሩ ጠቁሯል። ይህ ውሃ የት ይደርሳል አለኝ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። ዓባይ ይገባል አልኩት። ከዓባይስ? ከዚያ በኋላ የማውቀው የለኝም፤ ባሕር ይሆናል አልኩ። ባሕር የሚለውን ሲሰማ ዓይኑን ጨፈነ። ያን ጊዜ ኩታውን ለምን እንደያዝኩት ገባኝና ዘርግቼ ትከሻው ላይ ጣልኩለት። ወጉ አልቋል፤ አሁን ቢሰፋም ባይሰፋም ግድ የለውም። ተጠቀለለበት። "ይሞቃል" አለ። ቤት ስንደርስ ኩታውን በሁለት እጁ አድርጎ ለእማሆይ ሰጣቸው፤ እርስዎ ያለዎትን ሰጥተውኛል፣ ይህ የእርስዎ ይሁን አላቸው። እማሆይም ተቀበሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙት በእሱ ነበር፤ ሴቶቹ ስፌቱን ፈልገው ሲያጡ እያየሁ በሆዴ እኮራ ነበር። የንስሐ አባታቸው ነገሩን ሰምተው ጥቂት ስግደት ቀኖና ሰጧቸው። ሰግደው ሲመለሱ ጉልበታቸውን እያሹ "ስገጂ አሉኝ፣ ሰገድኩ፤ ተጸጸቺ ግን አላሉኝም" አሉን።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆነ። እንግሊዝና ጣሊያን ሲጣሉ ጣሊያኖቹ ጄታን የእንግሊዝ ግዛት ሰው ነህ ብለው በካሚዮን ጭነው ወሰዱት፤ አገሩ ነጻ ሲወጣ ከስቶ ተመለሰ። ይግዛው እንደገና ጥጥ አገኘ፤ እኔም ያን የቀረብኝን ቀሚስ ሠራሁ። ልጆች ወለድኩ። አንድ የጥቅምት ጧት ጄታ ለዘለቄታው ወደ አገሩ ሊሄድ ሊሰናበተን መጣ። የእማሆይ ጨርቅ ታጥቦ፣ ተጣጥፎ በእጁ ነበር። መገነዣዎ ነው፣ መልሰው ይውሰዱት አላቸው። እማሆይ ያን ጊዜ ዓይናቸው ደክሟል፤ በእጃቸው ዳበሱትና መልሰው ደረቱ ላይ አደረጉት።

"የእናትህን መንገድ ሂድበት" አሉት። "እኔ የምለብሰው አለኝ።"

ያን የባሕር ዳርቻ መቅደስ ማለታቸው ነው። ይዞት ሄደ። ደረሰ አልደረሰ የነገረን የለም። እኔ ግን ደርሷል ብዬ አምናለሁ፤ ከጎጃም ደጋ የወረደ አሥር ክንድ ጨርቅ የማላውቀውን ባሕር አይቷል ብዬ ሳስብ ደስ ይለኛል። እማሆይ ካረፉ በኋላ ሣጥኑን ስከፍተው አሪቲው መሃል ያ ኩታ ታጥቦ ተቀምጧል። ሊገንዟቸው የመጡት ሴቶች አንዷ "ይህ እኮ በቁማቸው የተሰፋ የቤተ ክርስቲያን ኩታ ነው፣ ስፌቱ ይፈታና ይገነዙበት" ብላ መርፌ ጠየቀች። ይግዛው በእንባው መሃል ወደ እኔ አየ። እኔም ተነስቼ ኩታውን ከእጇ ተቀበልኩ።

"አትንኪው" አልኳት። "የሰፋሁት እኔ ነኝ።"

እንዲያው እንዳለ ተገነዙበት። እዚያ አፈር ውስጥ የሚያርፍ ስፌት አለኝ፤ ጥፋቴም ኩራቴም እሱ ነው።

እንግዲህ ቅዳሜ ዕለት ያች የአስተማሪው ሚስት ያልተሰፋ አለ ስትለኝ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ክረምት አገሯ ስትገባ ሽማግሌ አባቷን ይዛ ወደ አንድ መቅደስ ትሄዳለች፤ አባቷ በእጅ የተሸመነ ልብስ ይፈልጋሉ። ባሕር ዳር ነው? አልኳት። ቀድሜ በማወቄ ተገርማ አየችኝ። አሥር ክንድ አሠራልሻለሁ፣ ረቡዕ ከቤት ውሰጂ አልኳት። ይግዛው አሁን የለም፤ ጉድጓዱ ውስጥ የሚቀመጠው ልጄ ሙሉዓለም ነው፤ ዓይኔ ለመርፌ ቀዳዳ ባይሆንም እጄ ግን አሁንም ያው ነው። ረቡዕ ጧት ሙሉዓለም ኩታውን አውርዶ ሲዘረጋው፣ ረጅም፣ ጠባብ፣ ጫፉ ያልተጋጠመ ሆኖ ሳየው ጣቶቼን ይበላኝ ጀመር። መቀሱንና መርፌዎቹን በጨርቅ ጠቀለልኩና በርጩማው ላይ አድርጌ ተቀመጥኩባቸው።

"እማዬ፣ ምን ላይ ነው የተቀመጥሽው?" አለኝ ሙሉዓለም።

"አንተ ዝም ብለህ እጠፍ" አልኩት። ሴትዮዋ መጥታ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳብሳ፣ ስፌት ስታጣ ፊቷ በርቶ፣ ኩታውን አቅፋ ከደጅ እስክትወጣ ድረስ ከዚያ ንቅንቅ አላልኩም።